የእናቴ ማዞር

ሁዳዴ ከገባ ወዲህ እናቴን ስትሰግድ ያዞራታል፤ ግንባሯን ወደ መሬት ዝቅ ባደረገች ቁጥር ቤቱ ይሽከረከርባታል። ጎረቤቶች «ጾሙ ነው» አሉ፤ አክስቴ ደግሞ ደም ማነስ ነው ብላ ቀይ ሥር አበዛችላት። እኔ ግን አልጋ ላይ ወደ ቀኝ ስትገላበጥም እንደሚያዞራት፣ ወደ ግራ ስትዞር ግን ምንም እንደማይላት ስሰማ ነገሩ አልገጥም አለኝ፤ ረኃብ ጎን አይመርጥም።

ዛሬ አራት ኪሎ አካባቢ ወደሚሠሩ አንዲት የአንገት በላይ ሐኪም ይዣት ሄድኩ። ቀደም ሲል ያየናት ክሊኒክ ብዙም ሳትጠይቅ የራስ ኤም አር አይ (የጭንቅላት ውስጥ ምስል የሚያነሳ ምርመራ) አዝዛልን ነበር። ሐኪሟ ማዘዣውን ወደ ጎን አድርገው «እማማ፣ ማዞሩ ሲነሳብዎት ምን ያህል ይቆያል?» አሉ። እናቴም «አንድ አቡነ ዘበሰማያት ሳልጨርስ ይለቀኛል» ብላ መለሰች። የምርመራው ግማሽ በዚህች መልስ አልቋል ብዬ አምናለሁ፤ ሜኒየር የሚባለው የጆሮ በሽታ ቢሆን ኖሮ ማዞሩ ከ20 ደቂቃ እስከ ሰዓታት ይቆይ፣ ጆሮዋም ይጮኽባት ነበር።

ከዚያም ዲክስና ሃልፓይክ የተባሉ የለንደን ሐኪሞች እ.ኤ.አ. በ1952 ባስተዋወቁት ዘዴ አንገቷን 45 ዲግሪ ወደ ቀኝ አዙረው፣ ጭንቅላቷ ከአልጋው ጠርዝ ትንሽ ዝቅ እንዲል አድርገው በፍጥነት በጀርባዋ አስተኟት። ለጥቂት ሰከንዶች ምንም አልነበረም፤ ወዲያው ግን የዓይኖቿ ብሌኖች እየተሽከረከሩ ወደ ላይ ይዘሉ ጀመር፣ ደቂቃም ሳይሞላ ቆሙ። የእናቴ ማዞር ምንጭ ይህ ነበር፦ በውስጠኛው ጆሮ ከረጢት ውስጥ የሚኖሩ የካልሲየም ካርቦኔት ቅንጣቶች ከቦታቸው ተላቀው ሚዛናችንን ከሚጠብቁት ሦስት ቦዮች ወደ አንዱ ሲገቡ፣ ጭንቅላት በተንቀሳቀሰ ቁጥር የቦዩን ፈሳሽ ያናውጣሉ፤ አእምሮም ያልዞረውን ሰውነት ዞረ ብሎ ይቀበላል።

ሕክምናው እዚያው አልጋ ላይ ተጀምሮ አለቀ። አሜሪካዊው ሐኪም ጆን ኤፕሊ እ.ኤ.አ. በ1992 ባሳተሙት ቅደም ተከተል ጭንቅላቷን ወደ ግራ አዞሩት፤ ቀጥሎ በግራ ጎኗ አስተኝተው ፊቷን ወደ ወለሉ አቀረቀሩት፤ በየደረጃው ማዞሩ እስኪለቃት ጠብቀው በመጨረሻ አስቀመጧት። ቅንጣቶቹ በዚህ መንገድ ወደ ከረጢቱ ይመለሳሉ። ምርመራው ሲደገም ዓይኖቿ ጸጥ አሉ።

ክኒንም መርፌም አለመታዘዙ እናቴን ቅር አሰኛት፤ የማዞር መድኃኒት ስሜቱን ቢያደነዝዝም ቅንጣቱን እንደማይመልስ ታክሲ ውስጥ ሁሉ ሳስረዳት ነበር። ሐኪሟ ሕመሙ ሊመለስ እንደሚችል ነግረውናል፤ ያኔ ሕክምናው ይደገማል። ከማዞሩ ጋር ንግግሯ ከተሳሰረ፣ ነገር ሁለት ሆኖ ከታያት ወይም መስማት ድንገት ከከለከላት ግን ቀጠሮ ሳንጠብቅ ሆስፒታል እንድንሄድ አስጠንቅቀውናል።