አዲስ ብስክሌት የገዛ ሰው አስቀድሞ ፔዳሉን ይፈትሽ

ጅማ ላይ ርካሽ አዲስ ብስክሌት የሚገዛ ሰው፣ ብስክሌቱ ከካርቶን ወጥቶ የተገጣጠመው በሱቁ ደጃፍ፣ በጥድፊያና በተገኘው ችያቤ መሆኑን ማወቅ አለበት፤ ለእኔ ይህን የነገረኝ አልነበረም።

አብዛኛው ፍተሻ ቀላል ነው። የፊቱን ጎማ በጉልበቶቼ መካከል ይዤ መሪው አለመላላቱን አየሁ፤ በኮርቻው ዘንግ ላይ የተቀረጸው የልክ ምልክት ወደ ውስጥ መግባቱን አረጋገጥሁ፤ የጎማዎቹን ዳዶዎች አጠበቅሁ። አዲስ የፍሬን ሽቦ በመጀመሪያዎቹ ቀናት ስለሚላላ፣ የጅሬንን ቁልቁለት ከመውረድ በፊት ሜዳ ላይ ነድቶ እንደገና ማጥበቅ ይገባል።

ያስመረረኝ ፔዳሉ ነው። የግራ ፔዳል ጥርስ ከተለመደው ቡሎን በተቃራኒ የተቀረጸ ስለሆነ የሚጠብቀው ወደ ግራ ሲዞር ነው፤ እንዲህ ባይሠራ ኖሮ መርገጡ ራሱ ቀስ በቀስ ይፈታው ነበር። የሱቁ ገጣሚ ግን ሁለቱን ፔዳሎች አለዋውጦ፣ እምቢ ሲሉት በጉልበት አስገብቷቸዋል። ፔዳሉን የሚሸከመው ክንድ ለስላሳ አሉሚኒየም በመሆኑ የብረቱን ጥርስ አልተቋቋመም፤ ወደ ጅሬን ዳገቱን ቆሜ ስረግጥ ግራው ተነቅሎ ወደቀ፣ እኔም አብሬው። የጠጋኙ ልጅ ገና ሲያየው፣ «ጋሼ፣ ጥርሱ ተበልቷል፤ ቢያጠብቁትም አይይዝም» አለኝ።

ሻጩ በደረሰኙ ግርጌ ያለውን «የተሸጠ ዕቃ አይመለስም» የሚል ጽሑፍ በጣቱ አሳየኝ። የንግድ ውድድርና የሸማቾች ጥበቃ አዋጅ ቁጥር 813/2006 ግን ጉድለት ያለበትን ዕቃ በ15 ቀናት ውስጥ ማስለወጥ ወይም ገንዘብ ማስመለስ እንደሚቻል ይደነግጋል። ይህን ይዤ አቤት ያልሁበት መሥሪያ ቤት ሠራተኛ፣ ፔዳሉ ሳልነዳው በፊት የተበላሸ መሆኑን የሚያስረዳ ማስረጃ እንዳመጣ ጠየቀኝ፤ ሳይነዱ የወደቀ ፔዳል ከየት ይመጣል?

የብስክሌቱ መመሪያ ሻጩ ይግጠመው ይላል፤ እኔ በዚህ አልስማማም። ፔዳሎቹን ሳይገጠሙ ተቀብሎ ወደ ብስክሌት ጠጋኝ መውሰድ ይሻላል። በዘንጉ ጫፍ ላይ «ኤል» የተጻፈበት የግራ፣ «አር» የተጻፈበት የቀኝ ነው፤ ጽሑፉ ከጠፋ ዘንጉን ቀጥ አድርጎ ይዞ ማየት ነው፣ ጥርሱ ወደ ግራ እያጋደለ የሚወጣው የግራው ነው። ግሪስ ተቀብቶ ብዙ ዙር በጣት ብቻ መግባት አለበት፤ በጣት እምቢ ያለ ፔዳል በችያቤ አይለመንም። ተገጥሞ ከመጣም፣ ፊደሎቹን ከሱቁ ሳይወጡ ሻጩ ፊት በስልክ ፎቶ ማንሳት ነው፤ ያ ሠራተኛ የጠየቀኝ ማስረጃ ከዚህ ሌላ ምን ሊሆን ይችላል?

ሁለቱንም ክንዶች በራሴ ገንዘብ አስቀየርሁ፤ ማመልከቻዬ ዛሬም መልስ አላገኘም።