ቅንድብ ለመሥራት መጀመሪያ ስለ ደም ተማርኩ

ፐርማነንት ሜካፕ የተማርኩት ቨርጂኒያ ነው። ከዚያ በፊት እንደ ብዙዎቻችን ፓርኪንግ ሠርቻለሁ፣ አረጋውያን ተንከባክቤያለሁ። ወገቤ እምቢ ሲለኝ «ቁጭ ተብሎ የሚሠራ ነገር ይሻላል» ብዬ ገባሁበት። ቅንድብ፣ ከንፈር፣ የዓይን ኩል። በመርፌ ቀለም ቆዳ ውስጥ ማስገባት ነው። ገንዘቡ ጥሩ ነው ሲባል ሰምቼ ነበር። ውሸት አይደለም። እዚያ እስኪደረስ ግን አበሳው ብዙ ነው።

ቨርጂኒያ ውስጥ ሕጉ ይህን ሥራ የሚያየው እንደ ንቅሳት ነው። ሜካፕ ብሎ አያቆላምጠውም። ፈቃዱን የሚሰጠው የፀጉር ቤት ባለሙያዎችን የሚቆጣጠረው የስቴቱ ቦርድ ነው። እኔ ስማር የሚጠየቀው 200 ሰዓት ነበር፤ ከዚያ ፈተና። ቴክሳስ ያለች ጓደኛዬ ይህን ስነግራት ሳቀችብኝ። እዚያ ፈቃድ የሚያወጣው ቤቱ ነው እንጂ ሠራተኛዋ አይደለችም። እኔ ግን ድልድዩን ተሻግሬ ዲሲ ብገባ እንኳ የቨርጂኒያ ወረቀቴ አይሠራልኝም። ሌላ መሥሪያ ቤት፣ ሌላ ደንብ፣ ሌላ ክፍያ።

ክፍል ስገባ የጠበቅኩት እርሳስና ቅንድብ ነበር። የጠበቀኝ ደም ነው። ሄፓታይተስ ቢ፣ ሄፓታይተስ ሲ፣ ኤችአይቪ። የሄፓታይተስ ቢ ቫይረስ ጠረጴዛ ላይ በደረቀ ደም ውስጥ ቢያንስ 7 ቀን በሕይወት ይቆያል። ይህን ስሰማ ስንት ፀጉር ቤት ውስጥ ክርናችንን አስደግፈን እንደምንቀመጥ አሰብኩ። መምህሯ «በሽታው በምን በምን ይተላለፋል?» ብላ ስትጠይቅ ቀድሜ እጄን ያወጣሁት እኔ ነኝ። እንግሊዝኛዬ ባይፈጥንም መልሱን ከልጅነቴ ጀምሮ አውቀዋለሁ። የፀረ ኤድስ ክበብ አባል የነበረ ሰው «ስለታም ነገሮችን በጋራ አለመጠቀም» የሚለውን በእንቅልፉም ይለዋል። በሰልፍ ሜዳ ድራማ ሠርተንበታል። ያ ድራማ ቨርጂኒያ ድረስ መጥቶ ነጥብ ያሰጠኛል ብዬ ግን አላሰብኩም።

ቀሪው ልምምድ ነው። ጓንት አድርገሽ ስልክሽን ከነካሽ ጓንቱ ይጣላል። ፀጉርሽን ካስተካከልሽ ይጣላል። ወንበር ከሳብሽም ይጣላል። መርፌ አንዴ ነው፣ ከዚያ ወደ ማስወገጃው ሳጥን። ደጋግመን የምንጠቀምበት ዕቃ ካለ በ121 ዲግሪ በእንፋሎት ይቀቀላል። በአልኮል መጥረግ ማጽዳት እንጂ ከጀርም ነፃ ማድረግ አይደለም። ይህቺን ዓረፍተ ነገር መምህሯ እንደ ጸሎት በየቀኑ ትደግማት ነበር።

የምንለማመድበት የሲሊኮን ቆዳ ሮዝ ነገር ነው፤ የነጭ ሰው ቆዳ። መጽሐፉ ውስጥ ያሉት ፎቶዎችም አብዛኞቹ እንደዚያው። የቆዳ ዓይነት የሚለካበት ሰንጠረዥ ፊትዝፓትሪክ ይባላል። ስሙን የሰጠው ሐኪም እ.ኤ.አ. በ1975 ሲያወጣው ነጭ ቆዳ ፀሐይ ላይ እንዴት እንደሚሆን ለማወቅ ነበር። እኛ የምንገኝባቸው 5ኛና 6ኛ ቁጥሮች በኋላ ነው የተጨመሩት። የእኛ ቆዳ ደግሞ የራሱ ጠባይ አለው። ሲቆስል ይጠቁራል። አንዳንዱ ሰው ላይ ጠባሳው ያብጣል፣ ኬሎይድ ይሆናል። በምላጭ እየተሰነጠቀ የሚሠራው ማይክሮብሌዲንግ ለእኛ ዓይነቱ ቆዳ ብዙም አይመከርም፤ በማሽን ነጥብ በነጥብ የሚጣለው ይሻላል። ስለዚህ ሐበሻ ደንበኛ ስትመጣልኝ መጀመሪያ ቅንድቧን አላይም። ክንዷ ላይ ያለውን የክትባት ጠባሳና የተበሳ ጆሮዋን ነው የማየው። እዚያ ያበጠ ነገር ካለ ሥራው አለቀ፤ ወደ ሐኪም።

ከንፈርም ሌላ ነው። ጠየም ያለ ከንፈር ላይ ሮዝ ቢጭኑበት ግራጫ ነው የሚሆነው። መጀመሪያ ወደ ብርቱካን በሚያደላ ቀለም ጥቁረቱን ማለዘብ ያስፈልጋል። ከዚያ መጠበቅ። ከዚያ እንደገና። ደንበኛ ይህን መስማት አትወድም፤ በአንድ ቀን አልቆ ሠርግ መሄድ ነው የምትፈልገው።

እንግዲህ ይህን ሁሉ ይዤ ነው ለእረፍት አዲስ አበባ የመጣሁት።

የአክስቴ ልጅ ፀጉር ቤት ካዛንችስ ነበር። ሰፈሩ ለልማት ሲፈርስ ተነሳችና አሁን አራት ኪሎ ከአንድ ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ ላይ ናት። ሁለት ካስክ፣ ሦስት መስታወት፣ በረንዳው ላይ ሮቶ። ሹሩባ ትሠራለች፣ ትቀነድባለች፣ ቡና አይጠፋም። ቅዳሜ ሙሉ ቀን እዚያ እውላለሁ። ወሬው ጥሩ ነው፤ ፊልም ቤት ከመግባት ይሻላል።

የመጀመሪያው ቅዳሜ ላይ እኔ ሳልሰማ ደንበኛ ይዛልኝ ኖሯል። «ከአሜሪካ የመጣች ባለሙያ» ተብሎ ቴሌግራም ላይ ተለጥፏል። ጉድ ፈላ። አክስቴ ራሷ ነጠላዋን አውልቃ ወንበር ላይ ተቀምጣለች፤ «በይ በእኔ ጀምሪ» ትላለች።

እምቢ አልኩ። ቤቱ ጸጥ አለ።

«ለፈረንጅ ትሠሪያለሽ፣ ለእኛ ሲሆን ሕግ ታወሪያለሽ?» አለች አክስቴ።

የአክስቴ ልጅ ደግሞ ዓይኗን በጨው አጥባ «ማን ያያል?» አለችኝ።

ማንም ላያይ ይችላል። እኔ ግን ዙሪያዬን አየሁ። እጅ መታጠቢያው ላይ ውሃ የለም፤ ከሮቶ በጆግ ነው የሚቀዳው። መብራት ከጠዋት ጀምሮ ሁለቴ ሄዷል። ያገለገለ መርፌ የት ይጣላል? ጤና ጣቢያ ያለችው ዓይነት ቢጫ ሴፍቲ ቦክስ የለም፤ ያለው የፀጉር መጥረጊያው ቅርጫት ነው። ጠዋት የምታጸዳው ልጅ ደግሞ ያንን በባዶ እጇ ነው የምታነሳው። አክስቴ የደም ማቅጠኛ ትወስዳለች፤ ይህን ራሱ የሰማሁት ስጠይቃት ነው። እሱ ብቻውን ሥራውን ያስቆመዋል። ሌላም አለ። ቅንድብ ተሠርቶ ሲያልቅ መጀመሪያ ይጠቁራል፣ ከዚያ ይላጣል፣ ከዚያ የጠፋ ይመስላል፣ ቆይቶ ደግሞ ይመለሳል። ማስተካከያው ከ6 እስከ 8 ሳምንት በኋላ ነው። ያን ጊዜ እኔ ቨርጂኒያ ነኝ። ግማሽ ሥራ ሠርቶ መሄድ ነው የሚሆነው።

ሰው ይህን ሁሉ ምክንያት ሲሰማ ኩራት ይመስለዋል። አልፈርድባቸውም። ዳያስፖራ ሲመጣ ሲንቀባረርና «እዚያ ቤት እንዲህ አይደለም» ሲል ሰልችቷቸዋል። እኔም አንዱን ስሰማ ደሜ ይፈላል።

ፀጥታውን የሰበሩልን ጥግ ላይ ቡና የሚጠጡ እማማ ናቸው። የጎንደር ሰው ናቸው። አንገታቸው ላይ ሦስት መስመር ንቅሳት አለ፣ አገጫቸው ላይ ትንሽ መስቀል። ሲስቁ ድዳቸውም የተነቀሰ መሆኑ ይታያል። «እኔ በእሾህና በጥላሸት ነው የተነቀስኩት፣ ይኸው አለሁ» አሉ። ሁሉም ሳቀ። እኔም ሳቅኩ። ከዚያ «እማማ፣ አንገትዎን ላየው?» አልኳቸውና ነጠላቸውን ገለጥ አደረጉልኝ።

ጥላሸት ካርቦን ነው። ዛሬ በጠርሙስ ከሚሸጡት ጥቁር ቀለሞች ብዙዎቹም ካርቦን ናቸው። ጥቁር ሆኖ ይገባል፤ ጠለቅ ብሎ ሲቀመጥ ግን ከላይ ሲታይ ሰማያዊ ይመስላል። ብርሃን ቆዳ ውስጥ ሲበተን ወደ ዓይናችን በብዛት የሚመለሰው ሰማያዊው ስለሆነ ነው። የእማማ አንገት ላይ ያምራል። ቅንድብ ላይ ሲሆን ግን ለቅሶ ነው።

ይህን የምለው ያን ቀን አንዲት ልጅ በዚሁ ምክንያት መጥታ ስለነበር ነው። ቅንድቧን አረብ አገር ሳለች ነው የተሠራችው፤ ማን ጋ እንደሆነ አልጠየቅኳትም። ሁለቱም ቅንድቦቿ ወደ ሰማያዊ ሄደዋል። በየጠዋቱ በቡናማ እርሳስ ነው የምትሸፍነው። ጣቴን ሳስኬደው ከቆዳው ከፍ ያለ መስመር አለ። ጠባሳ ነው፤ ምላጩ ከሚገባው በላይ ገብቷል። ቀለም መቀመጥ ያለበት ከላይኛው ቆዳ ሥር ወዲያው ነው፣ ከዚያ አልፎ መውረድ የለበትም። «ላዩ ላይ ቡናማ ድገሚልኝ» አለችኝ። ጠባሳ ላይ ቀለም በደንብ አይዝም። ቢይዝም ለጊዜው ነው፤ ሰማያዊው ከሥር ይወጣል። በሌዘር ማስነሳት ይቻላል፣ እሱም በቆዳ ሐኪም። ነጭ የተቀላቀለባቸው ቀለሞች በሌዘር ሲመቱ መጀመሪያ ሊጠቁሩ ስለሚችሉ ትንሽ ቦታ ላይ ማስሞከር እንዳለባትም ነገርኳት። አለቀሰች። ገንዘቧን መልሳ የምታገኝበት ቦታም የለም።

አክስቴ ይህን ሁሉ እያየች ነበር። ምንም አላለችም። ነጠላዋን ግን መልሳ ለበሰች።

ያን ከሰዓት ባዶ እጃችንን አልዋልንም። ክር አወጣሁ። ቀለም የተቀባ የመለኪያ ክር ነው። የአክስቴን ልጅ ከካስኩ ሥር አስቀምጬ ከግንባሯ መሐል እስከ አፍንጫዋ ጫፍ ወጥሬ ነካ አደረግኩት። ቀጭን መስመር ታተመ። ከአፍንጫዋ ጠርዝ በዓይኗ ብሌን በኩል ሌላ። ያ መስመር ቅንድቡን የሚያገኝበት ቦታ ጉብታው ነው። ከአፍንጫዋ ጠርዝ በዓይኗ የውጭ ጫፍ በኩል ደግሞ ሌላ፤ እዚያ ጋ ጭራው ያልቃል። ፊቷ ካርታ መሰለ። ሴቶቹ ከበቡን። የማንም ፊት ሁለቱ ጎን እኩል እንዳልሆነ የዚያን ጊዜ ነው ያመኑት። እማማ ሳይቀሩ መስታወት ጠየቁ። በእርሳስ ቅርጹን አውጥቼ፣ ስትቀነድብ የት ጋ ማቆም እንዳለባት አሳየኋት። ለዚህ መርፌ አያስፈልግም፣ ፈቃድም አያስፈልግም። ቴሌግራም ላይ ተለጥፎ የመጡትን ደንበኞች በዚህ ሸኘናቸው። ሁለቱ ግን አኩርፈው ነው የሄዱት።

የአክስቴ ልጅ የምር መማር እንደምትፈልግ የነገረችኝ ከዚያ በኋላ ነው። ማሽኑን ተዪልኝ አለች። መጀመሪያ ክትባት አልኳት። የሄፓታይተስ ቢ ክትባት እኛ አገር በሕፃናት መርሐ ግብር ውስጥ የገባው እ.ኤ.አ. በ2007 ነው። እሷም ሆነች ሹሩባ የሚሠሩላት ልጆች ከዚያ በፊት የተወለዱ ናቸው። መጀመሪያ ምርመራ፣ ከዚያ ሦስት መርፌ፦ ዛሬ፣ ከወር በኋላ፣ ከስድስት ወር በኋላ። ጥቁር አንበሳ አካባቢ ያሉትን ፋርማሲዎች አብረን ዞርን። ጓንት፣ አልኮል፣ ማስክ ገዛን። ሴፍቲ ቦክሱን በተመለከተ ጎረቤታቸው ያለች ነርስ ጋር ተነጋገረች። ሲሞላ በጤና ጣቢያው በኩል የሚቃጠልበትን መንገድ ጠይቃ ልታሳውቃት ነው። የንግድ ፈቃዱን ጉዳይ ራሷ ወረዳ ሄዳ ትጠይቃለች፤ እሱን ከእኔ በላይ ታውቃለች።

ማሽኑን ግን አልተውኩላትም። ሲሊኮኑን፣ ክሩንና እርሳሶቹን ተውኩላት። ትንሽ አኮረፈች፤ ኤርፖርት ድረስ ስትሸኘኝም ብዙ አላወራችም።

አሁን ሁለተኛውን መርፌ ተወግታለች። ማታ ማታ የሲሊኮን ቅንድብ ፎቶ በቴሌግራም ትልክልኛለች። እጇ ጥሩ ነው። ሹሩባ የሠራ እጅ አይንቀጠቀጥም። ግራው ግን ሁልጊዜ ከቀኙ ከፍ ይላል። ትናንት በቪዲዮ ሳያት በጎን ተቀምጣ ነው የምትሠራው። ከራስጌ ሆነሽ ሥሪ ብያታለሁ፤ ወንበሩ አይበቃኝም ትላለች።