ኩንግፉ፣ ውሹ፣ ጉዎሹ፦ ስሞቹን እየለየሁ ስለማመድ

ሰሞኑን ከእግር አቋምና ከቡጢ ልምምዱ ጎን ለጎን የያዝኩት ሥራ ስሞቹን መለየት ነው። አንድ አሰልጣኝ ፊት ቆመን፣ አንድ ዓይነት እንቅስቃሴ እየሠራን፣ አንዳችን «ኩንግፉ» ስንል ሌላችን «ውሹ» እንላለን። ነገሩ ልምምዱን ራሱ የሚነካ ሆኖ ስላገኘሁት የደረስኩበትን ላካፍላችሁ።

ኩንግፉ፣ በማንዳሪን ቻይንኛ አነጋገር «ጎንግፉ»፣ ከመነሻው የድብድብ ስም አይደለም። በጊዜና በልፋት የተገኘ ችሎታ ማለት ነው። ሻይ በጥንቃቄ የሚፈላበትና የሚቀዳበት ሥርዓት «ጎንግፉ ቻ» ይባላል፤ ጥሩ ወጥ ሠሪም፣ የብሩሽ ጽሕፈት አዋቂም ጎንግፉ ሊኖረው ይችላል። ከኛ ቃላት የሚቀርበው «ሙያ» ይመስለኛል። ወጥ የሚያምርላትን ሴት ባለሙያ እንላለን፤ በጦር ሜዳ ጀግንነት የፈጸመውንም የድሮ ሰዎች «ሙያ ሠራ» ይሉት ነበር። ጎንግፉ በመላው ዓለም የማርሻል አርት መጠሪያ ሆኖ የናኘው በተለይ በ1960ዎቹና በ70ዎቹ (እ.ኤ.አ.) በሆንግ ኮንግ ፊልሞች አማካይነት ነው።

ውሹ ግን በቀጥታ የውጊያ ጥበብ ማለት ነው። «ው» የውጊያ፣ «ሹ» ደግሞ ጥበብ ወይም ዘዴ። የ«ው» ፊደል ሁለት ምልክቶች ተጣምረው የተሠራ ነው፤ አንዱ የጦር መሣሪያ ነው። ሌላውን የጥንት ሊቃውንት «ማቆም» ብለው ስላነበቡት ቃሉን «ጦርን ማስቆም» ሲሉ ፈቱት። የጥንት ጽሕፈት አጥኚዎች ግን ምልክቱ መጀመሪያ የእግር ሥዕል እንደነበር፣ ትርጉሙም ጦር ይዞ መዝመት እንደሆነ ያስረዳሉ። እኔን ያሳመነኝ ሁለተኛው ነው፤ የመጀመሪያው ግን «ውደ» የሚባለውን የተዋጊ ሥነ ምግባር ለማስተማር እስከ ዛሬ ያገለግላል።

በመካከል «ጉዎሹ» አለ፤ አገራዊ ጥበብ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1928 የብሔርተኛው መንግሥት በናንጂንግ ማዕከላዊ የጉዎሹ ተቋም ሲከፈት ስሙ ይፋዊ ሆነ። ከ1949 በኋላ በዋናው ቻይና «ውሹ» ሲጸና፣ ጉዎሹ በታይዋን ቀጠለ። እንግዲህ ሁለቱን ስሞች የለያቸው ፖለቲካም ነው። የዛሬው ስፖርታዊ ውሹ በ1950ዎቹ ከተጀመረው ደረጃ የማውጣት ሥራ የመጣ ነው፤ ብዙዎቻችን የምናውቀው ባለ 24 እንቅስቃሴው ታይቺ የተዘጋጀው በ1956 ነው። የመጀመሪያው የዓለም ውሹ ሻምፒዮና ደግሞ በ1991 ቤጂንግ ላይ ተካሄደ።

ለልምምዴ የጠቀመኝ ይህ መለየት ነው። በስፖርቱ ውስጥ «ታኦሉ» በቅደም ተከተል የሚሠራ ትርኢት ሲሆን «ሳንዳ» ከተጋጣሚ ጋር የሚደረግ ፍልሚያ ነው። አስቸጋሪ ዝላይ ባለበት የታኦሉ ውድድር ከ10 ነጥብ 5ቱ ለእንቅስቃሴ ጥራት፣ 3ቱ ለአጠቃላይ አቀራረብ፣ 2ቱ ለአስቸጋሪነት ይሰጣል። ይህን ካወቅኩ ወዲህ ዝላይ ላይ መጣደፌን ትቼ ጊዜዬን «ማቡ» በሚባለው የፈረሰኛ አቋምና «ጎንግቡ» በሚባለው የቀስት አቋም ላይ አውላለሁ። የፊት ጉልበቴ አሁን ከእግር ጣቴ አያልፍም፤ ከአንዱ አቋም ወደ ሌላው ስሻገርም ወገቤ ከፍ ዝቅ ማለቱ ቀንሷል። በማስታወሻ ደብተሬም ታኦሉ፣ ሳንዳና ጎንግፉ ለየብቻ ገጽ አላቸው። በጎንግፉ ገጽ የሚገባው አቋም፣ ትንፋሽና መለጠጥ ብቻ ነው። ቀስ ብሎ የሚሞላውም እሱ ነው፤ የምወደውም እሱን።

«ሺፉ» የሚለውንም አጣርቻለሁ። ድምፁ አንድ ሆኖ አጻጻፉ ሁለት ነው፤ በአንዱ «አባት» የሚለው ፊደል ስላለበት ለራስ መምህር ይሆናል፣ ሌላው ለማንኛውም የእጅ ባለሙያ፣ ለታክሲ ሹፌር ጭምር የሚባል የአክብሮት መጠሪያ ነው።

ቀጥሎ የያዝኩት «ቻንግቹዋን»ን ነው፤ ረጅም ቡጢ ማለት ነው። ቀደም ብላችሁ የጀመራችሁት ካላችሁ፣ ከዝላይ በኋላ በአንድ እግር ማረፍን እንዴት እንደተለማመዳችሁት ጻፉልኝ።