መብራት ሲጠፋ የግቢ የሶላር መብራቶችን ወደ ቤት ማስገባት

ሌሊት መብራት በድንገት ሲጠፋ አብዛኛው ሰው የሚፈልገው ሻማ ወይም የእጅ ባትሪ ነው፤ ሻማው ግን ክብሪት ይፈልጋል፣ መሳቢያ ውስጥ ለወራት የተቀመጠው የእጅ ባትሪም በተፈለገበት ሰዓት ድንጋዩ አልቆ ሊገኝ ይችላል። በግቢና በአትክልት ቦታ የሚተከሉት ርካሽ የሶላር መብራቶች ግን ፀሐይ ባገኙ ቁጥር ራሳቸውን ስለሚሞሉ፣ ማንም ሳያስታውሳቸው ዝግጁ ሆነው ይቆያሉ። ለድንገተኛ ጊዜ ከውድ ዕቃዎች ይልቅ እነዚህን የማስቀድመው በዚህ ምክንያት ነው።

አንዱን መብራት ገልብጠን ክዳኑን ብንፈታው፣ ከላይ ከመዳፍ የምታንስ የሶላር ሰሌዳ፣ ከሥሯ ደግሞ አንድ ባትሪ፣ ትንሽ ሰርኪዩትና የኤልኢዲ አምፖል እናገኛለን። ባትሪው ብዙውን ጊዜ 1.2 ቮልት ያለው፣ ተመልሶ የሚሞላ የኒኬል ሜታል ሃይድራይድ ባትሪ ሲሆን፣ ነጭ ኤልኢዲ ለመብራት ወደ 3 ቮልት ስለሚፈልግ ቮልቴጁን ከፍ የሚያደርገው ያ ትንሽ ሰርኪዩት ነው። መምሸቱንም የሚያውቀው በሰሌዳዋ በኩል ነው፤ ከእርሷ የሚመጣው ኤሌክትሪክ ሲቋረጥ አምፖሉን ያበራል። ስለዚህ መብራቱን ቤት ውስጥ አስቀምጠን በአጠገቡ ሌላ ጠንከር ያለ ብርሃን ብናበራ ሊጠፋ ይችላል። ይህ ብልሽት አይደለም፤ ሰሌዳዋን በጥቁር ፕላስተር ወይም በወፍራም ጨርቅ መሸፈን በቂ ነው።

ብርሃናቸው ደካማ መሆኑን አስቀድሞ መቀበል ያስፈልጋል። አንዱ መብራት የሚሰጠው ብርሃን ከአንድ ሻማ ብዙም የማይበልጥ፣ አንዳንዴም የሚያንስ በመሆኑ ለማንበብ አይመችም። ትክክለኛ ቦታው ደረጃ፣ ኮሪደር፣ የመጸዳጃ ቤት በርና የታመመ ሰው ወይም አረጋዊ የሚተኛበት ክፍል ነው፤ በጨለማ ሰው ወድቆ የሚጎዳው በአብዛኛው እንዲህ ባሉ ቦታዎች ነውና። ሦስት ወይም አራቱን በአንድ ማሰሮ ውስጥ አቁሞ ነጭ ግድግዳ አጠገብ ማስቀመጥ ብርሃኑን ስለሚያሰራጨው ክፍሉ በደንብ ይታያል።

ሻማና ኩራዝ ግን መጋረጃ ያቃጥላሉ፣ ሕፃን ሊነካቸው ይችላል፣ ሰው እንቅልፍ ከወሰደው ደግሞ ያለ ጠባቂ ይነድዳሉ። ኩራዝ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ሲቆይ ጭሱ መተንፈሻን ይጎዳል፣ ሽታ የሌለው ካርቦን ሞኖክሳይድም ሊጠራቀም ይችላል። ከመሬት መንቀጥቀጥ በኋላ የጋዝ ቧንቧ ተሰብሮ ሊሆን ስለሚችል ክብሪት መጫር ራሱ አደገኛ ነው። ለእኔ የእነዚህ መብራቶች ትልቁ ጥቅም ከዋጋቸው ይልቅ እሳት የሌላቸው መሆኑ ነው።

ብዙዎች ሳያስቡት የሚቀረው ጉዳይ የሌሊቱ ሰዓት ነው። በደንብ የተሞላ መብራት ብዙውን ጊዜ ለስድስት ወይም ለስምንት ሰዓታት ያህል ያበራል፤ ነገር ግን ከምሽት ጀምሮ ግቢ ውስጥ ሲበራ የቆየ መብራት ከእኩለ ሌሊት በኋላ የቤቱ ኤሌክትሪክ ቢቋረጥ ጉልበቱ ተሟጦ ይገኛል። ስለዚህ ጥቂቶቹን ለይቶ፣ ቀን ከሞሉ በኋላ ማምሻውን ማብሪያ ማጥፊያቸውን ዘግቶ ቤት ውስጥ ማስቀመጥ ይበጃል። ጠዋት ፀሐይ ላይ ሲመለሱ ማብሪያው መከፈት አለበት፣ ብዙ ርካሽ ሞዴሎች ተዘግተው ሳለ አይሞሉምና። ደመናማ ቀን አሞላሉን በጣም ይቀንሰዋል፤ የመስኮት መስታወትም እንዲሁ ስለሚቀንሰው ከቤት ውጭ ማስቀመጥ ይሻላል። ኃይለኛ ነፋስ የሚጠበቅ ከሆነ ደግሞ ነፋሱ ሳይነሣ ሁሉንም ማስገባት ያስፈልጋል።

ከአንድ ወይም ከሁለት ዓመት በኋላ ብርሃኑ ሲደክም ብዙዎች መብራቱን ይጥሉታል፤ ብዙውን ጊዜ ያረጀው ግን ባትሪው ብቻ ነው። መጀመሪያ ሰሌዳዋን በእርጥብ ጨርቅ ከአቧራ ማጽዳት፣ የባትሪውን መያዣ ጫፎችም ዝገት እንዳለባቸው ማየት ተገቢ ነው፤ ካልተስተካከለ ባትሪውን በተመሳሳይ ዓይነትና ቮልት መተካት ነው። አንዳንድ ሞዴሎች 3.2 ቮልት የሊቲየም ባትሪ ስለሚጠቀሙ አንዱን በሌላው መለዋወጥ አይቻልም፤ ተራ ድንጋይም እንዲሞላ ስላልተሠራ ሊያፈስ ወይም ሊፈነዳ ስለሚችል ፈጽሞ መግባት የለበትም።