የጋሼ መኪና ጣራ ላይ የተገጠመው ሶላር

አዳማ ውስጥ አንድ ጋራዥ ኤሌክትሪሽያን ነኝ። ሃይብሪድ፣ ማለትም በቤንዚንም በኤሌክትሪክም የሚሄድ መኪና፣ ሲመጣ ወደ እኔ ነው የሚመራው። ይህ ነገር ካለፈ ቆየት ብሏል፤ ያችን የጋሼን ሃይብሪድ ቶዮታ ፕሪየስ ባየሁ ቁጥር ግን አሁንም ያንገበግበኛል።

ጋሼ ጡረታ የወጡ መምህር ናቸው። አንድ ጠዋት መጡና "ልጄ፣ ጣራዋ ላይ ሶላር ግጠምልኝ" አሉኝ። "የናዝሬት ፀሐይ ዝም ብላ ከምትባክን መኪናዬን ቻርጅ ታድርግልኝ።"

እንዲህ የሚሉኝ ብዙ ናቸው። በ2016 ዓ.ም. የነዳጅ አውቶሞቢል ማስገባት ከተከለከለ ወዲህ ስለ ቻርጅ የማያወራ የለም። መልሱ በእጄ ነበር። እስክሪብቶ አውጥቼ የዘይት ካርቶን ላይ ሒሳቡን ሠራሁላቸው።

ጣራዋ ቢበዛ አንድ ባለ 200 ዋት ፓኔል ይችላል። ጥሩ ፀሐይ ለ5 ሰዓት ቢያገኝ 1 ኪሎዋት ሰዓት ይሰጣል። ያውም በወረቀት። ጣራ ላይ ጠፍጣፋ ተኝቶ፣ አቧራ ለብሶ፣ ግሎ ሲውል ከዚያ ያንሳል። ያቺ 1 ኪሎዋት ሰዓት መኪናዋን 5 ወይም 6 ኪሎ ሜትር ብትወስዳት ነው። አዲስ አበባ ደርሶ መልስ ደግሞ 200 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው። ቶዮታ ራሱ እ.ኤ.አ. በ2009 በወጣችው ፕሪየስ ላይ ሶላር ሲገጥም ማራገቢያ ብቻ ነው ያዞረበት፤ ፀሐይ ላይ ስትቆም ውስጧ እንዳይግል። ሁሉንም ነገርኳቸው።

ጋሼ ጸጥ ብለው ሰሙኝ። ካርቶኑን አዩ፤ እኔን አዩ። "ገባኝ" ብለው ሄዱ። ገንዘባቸውን አተረፍኩላቸው ብዬ ደስ አለኝ።

በሦስተኛው ሳምንት ተመለሱ። ፓኔሉ ጣራው ላይ ነው። ሌላ ቦታ አስገጥመውታል። ፖርቶ መጋላ እንኳ አልተጠቀሙም። ጣራውን አራት ቦታ በስተው በቡሎን አስረውታል። ባትሪው ከልክ በላይ እንዳይሞላ የሚቆጣጠር ኮንትሮለር የሚባል ነገር የለውም፤ ከፓኔሉ የወረደው ሽቦ በቀጥታ 12 ቮልቱ ባትሪ ላይ ታስሯል። ባትሪው አብጧል። በእሳቸው ፕሪየስ ላይ ይህ ባትሪ ያለው ከኋላ፣ ከዕቃ መጫኛው ጎን ነው። የሚያወጣው ጋዝ ሰው የሚተነፍሰው አየር ውስጥ ሊገባ ይችላል። ይህን ሠርቶ ገንዘብ የተቀበለ ሰው እንዴት እንቅልፍ እንደወሰደው አላውቅም።

ተናደድኩ። "ጋሼ፣ ነግሬዎት አልነበረም? ነዳጅ አይቆጥብም አላልኩም?"

"ስለ ነዳጅ መች ጠየቅሁህ?" አሉኝ።

ዝም አልኩ።

"ባለቤቴ የምትታከመው አዲስ አበባ ነው። በአውቶቡስ እንሄድና አሥር፣ አሥራ አምስት ቀን እንቆያለን። መኪናዋ ግቢ ትቆማለች። ስመለስ አትነሳም። ሦስት ጊዜ ጎረቤት ለምኜ በኬብል አስነሳኋት። ቻርጅ ታድርግልኝ ያልኩህ ለዚህ ነው። አንተ አይቻልም ያልከኝ መሰለኝ። ያኛው ልጅ ደግሞ ይቻላል አለኝ።"

እኔ የማውቀው ሥራ ነበር እኮ! ሃይብሪድ ላይ ትልቁ ባትሪ ሙሉ ቢሆን እንኳ ትንሹ 12 ቮልት ካለቀ መኪናዋ ወዴትም አትሄድም። ኮምፒውተሩን የሚቀሰቅሰው፣ የትልቁን ባትሪ መስመር የሚያስከፍተው እሱ ነው። ገፍቶ ማስነሳት የሚባል ነገር የለም። ቆማ እያለች ደግሞ ቁልፉን የሚጠብቀው ሲስተም ቀስ በቀስ ይመጠዋል። ለዚህ 200 ዋት ምን ያደርጋል? ከኮንትሮለር ጋር 20 ዋት ይበቃል። ከፊት መስታወቱ ሥር ይቀመጣል፤ ጣራ አይበሳም። "ጋሼ፣ ምን አስቸገረዎት?" ብዬ ብጠይቅ ኖሮ በዚያው ጠዋት ገጥሜላቸው ይሄዱ ነበር። እኔ ግን ጥያቄውን ሳልሰማ መልሱን ጀመርኩ።

አዲስ ባትሪ ገባላት። ባለ 20 ዋቷን ገጠምኩ። የእጅ ዋጋ አልተቀበልኩም። ትልቁን ፓኔል የቤታቸው ቆርቆሮ ላይ ሰቀልነው፤ በመጠኑ ኮንትሮለርና ባትሪ ተደረገለት። መብራት ሲጠፋ ሳሎናቸውን ያበራል።

መኪናዋ አሁን አሥራ አምስት ቀን ቆማም ትነሳለች። ቀዳዳዎቹን ክረምት ሳይገባ ሞልተን ቀለም ቀባናቸው። ቀለሙ ግን ከጣራው ጋር አልገጠመም። ጋሼ ለሰርቪስ በመጡ ቁጥር ዓይኔ ቀድሞ የሚሄደው ወደ አራቱ ነጠብጣቦች ነው።