«ፓኬጅ ይግዙ» የሚል መልእክት ብቻ

ዳታ በተዘጋበት በዚያ ሁሉ ወራት ከቴሌኮም ኩባንያዬ የደረሰኝ መልእክት ማስታወቂያ ብቻ ነበር። «ውድ ደንበኛችን፣ የወር ፓኬጅ በቅናሽ አቅርበንልዎታል፣ አሁኑኑ ይግዙ!» ገዝቼ ምን ላደርግበት? የአማራ ክልል በሞላ ሞባይል ኢንተርኔት አልነበረውም። ማስታወቂያው ግን አንድ ቀን አላረፈም። ካርድ ሞልቼ ብገዛ ሂሳቡን ይቆርጣል፣ «በተሳካ ሁኔታ ገዝተዋል» ይለኛል፣ ቀኑ ሲደርስ ፓኬጁ ሳልነካው ይቃጠላል። ሲዘጋ በእጄ የነበረውም እንዲሁ ነው የተቃጠለው። የመለሰልኝ የለም።

ለማታውቁኝ፣ ጎንደር ዩኒቨርሲቲ ማራኪ ግቢ አጠገብ ፎቶ ኮፒ፣ ፕሪንትና ፎርም መሙላት ነው ሥራዬ። ሁለት ኮምፒውተርና አንድ ኮፒ ማሽን ያለበት የቆርቆሮ ቤት ነው። የኢንተርኔት መስመሬ ግን በሽቦ ነው። ሐምሌ 2015 መጨረሻ ላይ ሞባይል ዳታው ጠፋ፣ ሐምሌ 28 ደግሞ የአስቸኳይ ጊዜ አዋጁ ታወጀ። የኔ መስመር አንዴ እየመጣ አንዴ እየሄደ ቀጠለ። የሞባይሉ የተለቀቀው በ2016 ክረምት ነው፣ እሱም በየከተማው እየተንጠባጠበ።

ሐቁን ልናገር፣ እኛ መስመር ያለን ሰዎች ሠርተንበታል። የ12ኛ ክፍል ውጤት ሲለቀቅ ሰልፉ ከበሬ ተነሥቶ ጥግ ዞሮ ነበር። ዲቪ ሲሞላም እንዲሁ። የዚያ ዓመቱ ዲቪ እስከ ጥቅምት 27 ነበር፤ የመጨረሻዎቹ ቀናት ላይ ሰው ሕፃን አዝሎ ሌሊት መጥቶ ይቆም ነበር። ዋጋ የጨመሩም ነበሩ። እሱን ሌላ ቀን እንማማለን።

ከዚያ ሁሉ ሰው ግን አንዲት እናት ናቸው ከአእምሮዬ ያልወጡት። ከቆላ ድባ የመጡ ናቸው። ልጃቸው ሪያድ ሰው ቤት ትሠራለች፣ በየሳምንቱ በኢሞ ትደውልላቸዋለች። አንድ እሑድ ሳትደውል ቀረች። በሁለተኛውም የለችም። ስልካቸውን በነጠላ ጠቅልለው ይዘው መጡ።

«ልጄ፣ ኢሞዋ ጠፍታለች፣ መልስልኝ።»

ከፈትኩት። ስልኩ ከካርቶን የወጣ ይመስላል። ፎቶ የለ፣ ቁጥር የለ፣ ምንም የለ።

«እትየ፣ ይህን ማን አደረገው?»

«እዚያ ታች ያለው ጠጋኝ ነዋ። ፍላሽ ይፈልጋል አለኝ። 300 ብር ከፈልኩ።»

«ስልኩ እኮ ደኅና ነበር። ኢንተርኔቱ ነው የተዘጋው።»

«ማን ዘጋው?»

እኔም ያለኝ ከጎረቤት የሰማሁት ወሬ ብቻ ነበር። ቴሌቪዥን ላይ አልሰማሁም፣ ወረቀት አላየሁም፣ ኩባንያውም አልነገረኝም። «ከላይ ነው እትየ» አልኳቸው። ጣራውን ቀና ብለው አዩት።

የልጅቱ ቁጥር ተጽፎ የነበረው ስልኩ ውስጥ ብቻ ነበር። ኋላ ከእኅቷ ደብተር ተገኘና በቀጥታ ደወልንላት፤ በውጭ አገር ታሪፍ ካርዱ ሰላምታው ሳያልቅ አለቀ። ፎቶዎቹ ግን የሉም። ጠጋኙን እንሳደብ ካልን እንሰድበዋለን፤ ያላወቀውን ሲነካ ነው። ቢሆንም እሱም ዳታው ለምን እንደጠፋ የነገረው ሰው አልነበረም። ያን ሰሞን «ሲሜ ተቃጥሎ ነው»፣ «ሴቲንጉ ተነካክቶ ነው» እያሉ የመጡልኝ ብዙ ናቸው።

ደንበኞች አገልግሎት ደወልኩ። ያነሳችው ልጅ ትሕትናዋ ልብ ይበላል። «በአካባቢዎ የኔትወርክ መቆራረጥ ስላለ ባለሙያዎቻችን እየሠሩበት ነው፤ በትዕግሥት ይጠብቁን» አለችኝ። እየሠሩበት! በትእዛዝ የተዘጋን ነገር ተበላሽቶ ነው ብሎ መንገር በጎንደር ቋንቋ ስሙ ውሸት ነው። እሷን አልወቅስም፤ ያነበበችው ከፊቷ የተለጠፈውን ነው። ያን ጽሑፍ የጻፈው ግን ሰው ነው፣ ደመወዝተኛ ነው፣ አለቃ አለው።

አማቼ በዚሁ በቴሌኮም ዘርፍ ይሠራል። በሰንበት ቡና ላይ ስነታረክ አላስቻለውም። «እምቢ ብትል ፈቃድህን ትነጠቃለህ፣ ሠራተኛህ ይታሰርብሃል። አንተ ብትሆን ምን ታደርግ ነበር?» አለኝ። እውነቱን ነው። ማማው ያለው እዚሁ መሬት ላይ ነው፣ ቴክኒሻኑም የሚያድረው እዚሁ ሰፈር ነው። እኔም ፎቶ ኮፒ ቤቴን ዝጋ ብባል እዘጋለሁ። በሬ ላይ ግን «ታዝዤ ዘግቻለሁ» ብዬ እለጥፋለሁ እንጂ «ማሽን ተበላሽቷል» አልልም።

የኔ ክርክር እዚህች ላይ ብቻ ናት። መዝጋትና መደበቅ ሁለት ሥራ ነው። የመጀመሪያውን ሲታዘዙ ሁለተኛውን በነጻ ይጨምሩበታል። የተባበሩት መንግሥታት የሰብአዊ መብት ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2011 ያጸደቃቸው የንግድና የሰብአዊ መብት መርሆዎችም በነገሩ ላይ ግልጽ ናቸው። የአገሩ ሕግና የሰው መብት ሲጋጩ ኩባንያው የቻለውን ያህል መብቱን የሚያከብርበትን መንገድ እንዲፈልግ ይጠብቃሉ። የማይችለውን አላሉትም። ደግሞ መልእክት መላክ እንደሚችል እኔ ምስክር ነኝ፤ በቀን ሁለት ጊዜ ይልክልኝ ነበር።

ዚምባብዌን እዩ። እ.ኤ.አ. ጥር 2019 ነዳጅ ተወደደ፣ ሰው አደባባይ ወጣ፣ መንግሥት ኢንተርኔት አዘጋ። የአገሪቱ ትልቁ ኦፕሬተር ኢኮኔት ዘጋ፣ አልተጋፈጠም። ግን ለደንበኞቹ መልእክት ላከ፤ ትእዛዝ ደርሶኛል አለ። መሥራቹም ባንፈጽም የአገር ውስጥ ኃላፊዎቻችን ይታሰራሉ ብሎ ጻፈ። ይህች መልእክት ምን ሠራች መሰላችሁ? ትእዛዙ መኖሩ በአደባባይ ታወቀ። የሰብአዊ መብት ጠበቆችና የሚዲያ ድርጅት ፍርድ ቤት ሄዱ። ከፍተኛው ፍርድ ቤት በቀናት ውስጥ ትእዛዙን የሰጠው ሚኒስትር ሥልጣኑ የለውም ብሎ ሻረው፣ ኢንተርኔቱም ተለቀቀ። ኢኮኔት እንደኛዎቹ «ባለሙያዎቻችን እየሠሩበት ነው» ብሎ ቢሆን ጠበቆቹ ምን ይዘው ይከሳሉ? የማይታይ ትእዛዝ አይከሰስም።

ቴሌኖር የሚባለው የኖርዌይ ኩባንያ ደግሞ ምያንማር ነበር። ጦሩ የካቲት 1 ቀን 2021 እ.ኤ.አ. ሥልጣን ሲይዝ «ይህን ዝጋ፣ ያንን አግድ» የሚል ትእዛዝ ይዘንብበት ጀመር። ቴሌኖር እየፈጸመ የትእዛዞቹን ዝርዝር ግን በድረ ገጹ ላይ ያወጣ ነበር። ሁለት ሳምንት ሳይሞላ ከዚህ በኋላ ማውጣት አልችልም አለ። ይህም ራሱ ዜና ነው፤ ዝም በል መባሉን አወቅን። በኋላ የጥሪ መጥለፊያ መሣሪያ ክፈት ሲባል አገሩን ለቅቆ ንግዱን ሸጠ። አንዳንዱ ለዚህ አጨበጨበለት። እኔ ግን ብዙ አልተደሰትኩም። ወደ 18 ሚሊዮን ደንበኛ ነበረው፤ የነዚያ ሁሉ ሰዎች የጥሪ መዝገብ ከንግዱ ጋር አብሮ ለገዢው ተላልፏል። ጥሎ መውጣት የሚመስለውን ያህል ንጹሕ አይደለም።

ከሁሉ የከፋው የግብጹ ነው። እ.ኤ.አ. ጥር 2011 ቮዳፎን ታዝዞ ዘጋ። ሲከፈት ደግሞ መንግሥትን የሚደግፉ መልእክቶች፣ ላኪያቸው ማን እንደሆነ በቅጡ ሳይገለጽ፣ በኔትወርኩ በኩል ለሕዝቡ ተላኩ። ኩባንያው ተገድጄ ነው ብሎ በይፋ ተቃወመ፤ መልእክቱ ግን ደርሷል። አንዴ ዝም ብሎ መታዘዝ ከለመዱ ቀጥሎ ምን እንደሚታዘዙ አይታወቅም።

የኛው አገር ክርክር ሁልጊዜ ወደ አስፈላጊነቱ ይሄዳል። በኛ አቆጣጠር በ2011 ክረምት ጠቅላይ ሚኒስትሩ ኢንተርኔት ውኃም አየርም አይደለም ብለው ነበር። እኛ ጎንደሮች ለውኃውም ጄሪካን ይዘን ተራ የምንጠብቅ ነን፤ ንጽጽሩ ያን ያህል አላስደነገጠንም።

ፌስቡክ፣ ቴሌግራም፣ ቲክቶክና ዩቲዩብ ብቻ ተለይተው የታገዱበትን ጊዜ ታስታውሳላችሁ? የሲኖዶሱ ጉዳይ በጋለበት፣ የካቲት 2 ቀን 2015። እስከ ሐምሌ ድረስ ቆየ። ያኔም ያስታወቀን የለም። ገጹ ይዞራል፣ ይዞራል፣ አይከፍትም። ሰው ሁሉ እገዳ ማለፊያውን ቪፒኤን አውርዱልኝ ብሎ መጣ። ነጻ ቪፒኤን አብዛኛው የሰውን መረጃ እየሸጠ የሚኖር መሆኑን እየነገርኩ አወርድላቸው ነበር። «ይሽጠው፣ ምን አለኝና» ያለኝ ተማሪ አለ። በነገራችን ላይ የድረ ገጽ መሐንዲሶች ለዚህ ጉዳይ ብለው ቁጥር አውጥተውለታል። 404 ገጹ አልተገኘም ማለት እንደሆነ ሁሉም ያውቃል። እ.ኤ.አ. ከ2016 ጀምሮ ደግሞ 451 አለ፤ በሕግ ምክንያት ታግዷል ማለት ነው። ታግዶ ከሆነ ታግዷል በሉ፣ ጠፍቷል አትበሉ ነው ነገሩ። እኔ እስከ ዛሬ እዚህ አገር 451 አይቼ አላውቅም።

ይህን ስጽፍ «ታዲያ ሁሉም ይለቀቅ ነው የምትለው?» የሚል ይመጣል። አይደለም። ባሕር ዳር ዩኒቨርሲቲ የኬሚስትሪ ፕሮፌሰር የነበሩ ሰው በ2014 ጥቅምት ቤታቸው ደጃፍ ላይ ተገደሉ። ከዚያ በፊት ስማቸውንና አድራሻቸውን የሚጠቅስ ጽሑፍ ፌስቡክ ላይ ወጥቶባቸው ነበር። ልጃቸው ናይሮቢ ላይ የፌስቡክን ባለቤት ሜታን ከሰሰ፤ ሪፖርት ባደርግም በጊዜው አላነሱትም ይላል። የኬንያ ከፍተኛ ፍርድ ቤት በ2017 ጉዳዩን የማየት ሥልጣን አለኝ ብሏል። በኛም ሕግ፣ በአዋጅ ቁጥር 1185/2012፣ የጥላቻ ንግግር እንደወጣ ጥቆማ የደረሰው ማኅበራዊ ሚዲያ በ24 ሰዓት ውስጥ እንዲያነሳ ይጠበቅበታል። ግድያ የሚጠራ ጽሑፍ ይነሣ፣ ፈጥኖ ይነሣ። አንድ ጽሑፍ ማንሳትና የአንድን ክልል ሕዝብ በሙሉ ከኢሞ መለየት ግን ምን አገናኘው? እትየ ማንን ሰደቡ?

አማቼ በመጨረሻ ምን አለኝ? «እሺ፣ ይንገሩ እንበል። ምን ብለው?» አለኝ። ተቆጣሁና ወረቀት አወጣሁ። በግእዝ ፊደል የሚጻፍ አጭር መልእክት 70 ፊደል ነው የሚይዘው፣ ክፍት ቦታና አራት ነጥብ ተቆጥሮ። እዚያው ጽፌ ሰጠሁት፦

«ሞባይል ዳታ በመንግሥት ትእዛዝ ተዘግቷል። ፓኬጅዎ አይቃጠልም።»

ቆጠረው። 39 ሆነ። 31 ይተርፋል፤ ያዘዘው መሥሪያ ቤት ስም ይገባበታል።