ከበሮውን እስከ ትዝታ ድረስ ማፍጠን

ችክችካ ሲመታ እግሬ ሁለት ሲረግጥ እጄ ሦስት ያጨበጭባል። ክራር ላይ ዶ እና ሶልም በዚሁ ሦስት ለሁለት እንደሚርገበገቡ የገባኝ ግን ካደግኩ በኋላ ነው። ታዲያ ምትን እያፈጠንኩ ብሄድ ዜማ ይወጣዋል?

ሐሳቡ የቆየ ነው። እ.ኤ.አ. በ1930ዎቹ መጀመሪያ ሩሲያዊው የመሣሪያ ፈልሳፊ ሌዎን ቴርሚን ለአሜሪካዊው አቀናባሪ ሄንሪ ካውል ሪትሚኮን የተባለ መሣሪያ ሠርቶለታል። መሣሪያውም ምትንና ድምፅን በአንድ ቁጥር ያስተሳስራል። እኔ በትዝታ ልሞክረው ፈለግኩ።

የትዝታ ሜጀር ቅኝት አምስት ድምፆች የሚርገበገቡበት ፍጥነት ሲነጻጸር በሙሉ ቁጥር 24፣ 27፣ 30፣ 36፣ 40 ነው። ላፕቶፔ ላይ አምስት ትራክ ከፈትኩ። በ24 ሰከንድ ውስጥ አንዱ ከበሮ 24 ጊዜ ይመታል፣ ሌላው 27፣ እንዲህ እያለ እስከ 40። አብረው ይነሳሉ፣ ይበታተናሉ፣ 24 ሰከንዱ ሲሞላ እንደገና እኩል ዱም ይላሉ።

መጀመሪያ ግን ቁጥሩን የወሰድኩት ከኪቦርድ ነበር። እዚያ ከዶ እስከ ሚ (ከ24 እስከ 30) ያለው እጥፍ 1.25 ሳይሆን 1.26 ገደማ ነው። ዜማ ላይ ብዙም አይታወቅም፤ ምት ላይ ግን ከበሮዎቹ ሊገናኙ ይቀርቡና ይተላለፋሉ። ስንት ማታ ሶፍትዌሩን ስወቅስ ከረምኩ!

ሁለተኛው ስህተት ባሰ። ቅጂውን እንዳለ 256 እጥፍ አፈጠንኩት፤ ድምፁ ጠፋ። ለካ የከበሮው የራሱ ድምፅም አብሮ ወጥቶ ከጆሮ በላይ ሄዷል። መፍጠን ያለበት ምቱ ሳይሆን በምቶቹ መካከል ያለው ክፍተት ነው። ክፍተቱን ብቻ ሳጠብ ደግሞ የከበሮው ጉምጉምታ እርስ በርሱ ተደራርቦ ሁሉን አደበዘዘው። ስለዚህ ምቱን ቀስ በቀስ አሳጠርኩ። ሲጀምር ሙሉ ከበሮ ነው፤ መጨረሻ ላይ የሚቀረው እጅ ቆዳውን የነካባት ቅጽበት ብቻ ናት።

ፍጥነቱ በየ30 ሰከንዱ እጥፍ ይሆናል፣ በድምሩ አራት ደቂቃ። ሁለተኛው ደቂቃ በሚሞላበት አካባቢ ያለችውን ግማሽ ደቂቃ ደጋግሜ እሰማታለሁ። በሰከንድ ሃያ ምት አካባቢ ጆሮ መቁጠር ያቆማል። መጀመሪያ 40ው፣ ከዚያ 36ቱ፣ አንድ በአንድ እየተንተከተኩ ወፍራም ድምፅ ይሆናሉ። የመጀመሪያው ትራክ ገና ከበሮ ነው፤ ሌሎቹ መዝፈን ጀምረዋል። ያቺን ቦታ ቸኩዬ ባልፋት ኖሮ ሥራው በሙሉ ከንቱ ነበር።

አሁን ባቲ የተባለው ቅኝት ላይ ነኝ። ዘንድሮ ግን ቁጥር ከመጻፌ በፊት ክራር የሚመታ ጓደኛዬ ጋ ሄጄ ሲቃኝ አጠገቡ እቀመጣለሁ።